ወርቁ ከሰል የሆነበት መምህር

የመምህር አስናቀን ሞት የሰማነው ከደብረ ማርቆስ ከሚመጣው አውቶቡስ ረዳት አፍ ነው። አባቴ ባለጋሪ ስለሆነ አውቶቡስ ሲደርስ ከማቆሚያው አይጠፋም። እኔም ምሳውን ላደርስለት ሄጄ ከጋሪው ጎን ቆሜ ነበር። ረዳቱ ጣራው ላይ ወጥቶ ጆንያ እያወረደ፣ «ያ ወርቅ ቆፋሪ አስተማሪያችሁ ሞተ አሉ፤ ሳንባውን ነው» አለና ጆንያውን ለቀቀው። አባቴ ጆንያውን በትከሻው ተቀበለው።

ሞትስ የእግዜር ነው። እኔን ያንገበገበኝ «ወርቅ ቆፋሪ» ያለው ነው። መምህር አስናቀ ዳንግላን ሲለቁ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አሁን ስምንተኛ ደርሻለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስማቸው ከዚያ ነገር አልጸዳም። እንግዲህ መጻፍ ከቻልኩ ወዲያ ዝም ማለት ምን ይሉታል? ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ። መምህር አስናቀን ዶማ ይዘው ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ይዘውም ምን ይቆፍሩ እንደነበር ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። ሳትስቁ አትቀሩም።

ቀጭን፣ አንገታቸው ረዘም ያለ ሰው ነበሩ። ኮታቸው ለሌላ ሰው ተሰፍቶ እሳቸው ዘንድ የቀረ ይመስላል። ጠመኔውን ጆሯቸው ላይ ይሰኩና ረስተውት ክፍሉን ሙሉ ይፈልጉታል፤ እኛም እያየን አንነግራቸውም። የሚያስተምሩን አማርኛ ነው። አገራቸው ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ስለሆነ አገውኛ አንዲት ቃል አይሰሙም፤ ከክፍላችን ልጆች ግን እኩሌታው ቤቱ ሲገባ የሚያወራው በአገውኛ ነው። ይህ ነገር ያስቀናቸው ነበር። «እናንተ ሁለት ጆሮ አላችሁ፤ እኔ በአንዱ ነው የምኖረው» ይሉን ነበር።

መጀመሪያ ቀን ስማችንን ሲጠሩ፣ «ወርቅነሽ» አሉ። አቤት አለች። «ሀብታሙ።» አቤት። «እንቁ።» አቤት። እኔ ላይ ሲደርሱ «ወርቅያንሳት» ብለው ቆም አሉ፤ ቀና ብለውም አዩኝ።

«ማን ነው ይህን ስም ያወጣልሽ?»

«እናቴ።»

«ምን አስባ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያ ሂጂና ጠይቂያት። ሰው ለልጁ ወርቅ ያንሳታል ብሎ ስም የሚያወጣው እንዲሁ አይደለም።»

ማታ እናቴን ጠየቅኋት። እሷ ደግሞ፣ «ስትወለጂ ቤታችን ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም። እንኳን ደስ ያለሽ ሊል የመጣ ሰው ባዶ ቤት አይቶ እንዳይሄድ ብዬ ነዋ» ብላ ሳቀች። ይህን በማግስቱ ስነግራቸው መምህር ዓይናቸውን ጨፈኑ። መልካም ነገር ሲሰሙ እንደዚያ ነበሩ። ጎበዝ አይሉም፣ አያመሰግኑም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጣታቸውን ወደ ላይ ይቀስራሉ። ጣታቸው ቶሎ ካልወረደ ነገሩ ልባቸው ገብቷል ማለት ነው።

በሳምንቱ መጥተው፣ «በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች ቀን አለ» አሉን። «ሌላው ክፍል መዝሙር ይዘምራል፣ ገመድ ይጓተታል። እኛ ግን እያንዳንዳችን ተነሥተን አንድ አንድ ግጥም እንላለን። አርእስቱ ለሁላችንም አንድ ነው፤ ወርቅ።»

«ሁላችንም ወርቅ?» አለ ሀብታሙ።

«ሁላችሁም። የተቀበረ ይሁን፣ የተገኘ ይሁን፣ የጠፋም ይሁን። ዘፈኑን ብትሰሙ ወርቅ፣ ተረቱን ብትሰሙ ወርቅ፣ መጽሐፍ ብትገልጡ ወርቅ። አገሩ ሁሉ ስለ ወርቅ ያወራል፤ ወርቅ ያለው ሰው ግን አንድም አላየሁም። እስቲ ይህ ነገር ምን ይሆን? ከየቤታችሁ ለቅማችሁ አምጡልኝ። አትጻፉት፤ በቃላችሁ አጥኑት። ስትመጡም ወርቁ ምንድን ነው ብዬ አልጠይቃችሁም። ወርቁ ማን ነው ብዬ ነው የምጠይቃችሁ።»

ሰምና ወርቅ መስሎት አንዱ ልጅ ቅኔ ሊያመጣ ቃል ገባ። «እሱ ይቆየን» አሉት፤ «እሱን የሚፈታ ደብተራ ከየት አመጣለሁ?»

መጀመሪያ ያመጣነው የረባ አልነበረም። ሀብታሙ ከጠጅ ቤት ደጃፍ የለቀመውን ሲል፣ «ይኼ ከገበያ የተገዛ ነው፤ ቤትህ የበቀለውን አምጣ» ብለው መለሱት። እየቆየ ግን ነገሩ ገባን። ሀብታሙ ራሱ ከአባቱ እርሻ ላይ ይህን ይዞ መጣ፤

ሰው ወርቁን ቀበረው ከቤቱ ምሰሶ፤
የኔ ወርቅ በሬዬ ይገባል ማሳ አርሶ።

«ወርቁ ማን ነው?»

«ቦራ።»

«ቦራ ማን ነው?»

«በሬያችን ነዋ» አለ ሀብታሙ፣ ቦራን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሞት። የመምህር ጣት ተቀሰረ።

ወርቅነሽ ደግሞ ከእህቷ ሠርግ ያስቀረችውን አለች፤

ሳጥኑን ከፋፍተው ወርቁን ሲፈልጉ፤
ወርቁ በቅሎ ላይ ነው ከነማዕረጉ።

«ወርቁ ማን ነው?» ሲሏት «እህቴ» አለችና አለቀሰች። እህቷ ግምጃ ቤት ከተማ ተድራ ከሄደች ገና መንፈቅ አልሞላትም ነበር። መምህር ጣታቸውን ሳያወርዱ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቆይተው ያንኑ ግጥም በዜማ ሊሉልን ሞከሩ፤ የሚያለቅሰውም የማያለቅሰውም በሳቅ አለቀ። «ድምፅ እግዜር ነስቶኛል፤ ጆሮዬን ግን ተዉልኝ» አሉን።

አባቴ ነገሩን መጀመሪያ ሲሰማ፣ «ይኼም ትምህርት ሆነና እኔ ጋሪ እነዳለሁ?» ብሎ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ፈረሱን ሲነዳ እሱም ወርቅ የሚል ዘፈን ይፈልግ ጀመር። መምህርን መንገድ ላይ ካገኘ ያሳፍራቸዋል፤ እሳቸው ከጎኑ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እሱ ይዘፍናል። እንዲህ እያሉ ወዳጅ ሆኑ። ወደ እማማ አንጓች የወሰዳቸውም አባቴ ነው፤ እኔም ተከትያቸው ነበር።

እማማ አንጓች በገበያ ቀን ቅቤ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። ትውልዳቸው ዘንገና፣ ሐይቁ አጠገብ ነው፤ ወደ ዳንግላ የመጡት ተድረው ነው። ወላድ ሁሉ ልጇ አልተኛ ሲላት እሳቸውን ነው የምትጠራው። በአገውኛ የሚሏት አንዲት እሹሩሩ አለቻቸው፤ እኔንም በሷ አስተኝተውኛል አሉ።

«እማማ፣ እኒህ የልጄ መምህር ናቸው። ያችን እሹሩሩ ያሰሙልኝ» አላቸው አባቴ።

እማማ አንጓች መምህርን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው። «ይህን የሚያህል ሰው እሹሩሩ ምን ያደርግለታል?»

«ማታ ማታ አልተኛ እያሉ ነዋ።»

«ሚስት ፈልጉለት» አሉና የቅቤ ገዢዎቹ ሁሉ ሳቁ። ሳቁ ሲያልፍ ግን እማማ ቅቤያቸውን በኮባ ሸፈን አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። አባቴ በመምህር ጆሮ ይተረጉማል። ወርቄን የት ልደብቀው? ከመሬት ብቀብረው ዝናብ ጠርጎ ያወጣብኛል። ወርቄን የት ልደብቀው? ከዘንገና ብጥለው ጥልቁ ያስቀርብኛል። ወርቄን የት ልደብቀው…

እዚህ ላይ ፀሐይ ዞራ ቅቤው ላይ አረፈች። «ሊቀልጥብኝ ነው፤ የቀረውን በሚመጣው ገበያ» ብለው እማማ ቅላቸውን አንሥተው ወደ ጥላው ሄዱ። መምህር አስናቀ እንደ ሕፃን ተቁነጠነጡ። እማማ ራቅ ማለታቸውን ሲያዩም የቆሙበትን ረሱና ጮክ ብለው፣ «እማማ፣ ሦስተኛውስ ቦታ የት ነው? ወርቁ ሦስተኛ የተደበቀው የት ነው?» አሉ።

ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጨው የምትሰፍረው ሴት ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። እሹሩሩ እንደሆነ፣ ወርቁም ሕፃኑ እንደሆነ፣ የሰማነው እናውቃለን። ገበያው የሰማው ግን ዘፈኑን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው። አባቴ እየሳቀ ጋሪው ላይ አሳፈራቸው። እኔም እየሳቅሁ ነበር።

አሁን ዶማው መጣ። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት እንዲቆፍር ታዘዘ፤ ዲሬክተሩም ሥራውን ለኛ ክፍል ሰጠ። ቦታው ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ከግራዝማች ይግዛው መሬት ጋር ወሰኑ ላይ፣ ሾላው አጠገብ ነው። ግራዝማች የአካባቢው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሲያስታርቁም ሲፈርዱም ሰው የሚሰማቸው። መምህር አስናቀ ችካል ተከሉ፣ ገመድ ወጠሩ፣ በእርምጃ ለኩ፣ ወደ ሾላው አይተው እንደገና ለኩ። ጠረኑ ወደ ክፍል እንዳይመጣ ነፋሱን ማየታቸው ነበር። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ግን ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ዶማ ያዙ። አያያዙን አላወቁበትም፤ እንደ ጠመኔ በጣታቸው ጫፍ ነው የያዙት። እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁና ዶማውን ለሀብታሙ ሰጡት።

ጉድጓዱ ወገብ ሲደርስ የሀብታሙ ዶማ ሸክላ መታ። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ጋን ነው። ድንጋዩን አነሣነው። ውስጡ እስከ አፉ ከሰል ነበር። ድሮ እዚያ ቀጥቃጭ ይኖር ነበር የሚል ሽማግሌ ኋላ ሰምቻለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። መምህር አስናቀ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጆች፣ ደስ ይበላችሁ፤ አርእስታችን ተገኘ» አሉ። ቀልድ ነው። ሀብታሙ ቀልዱን ይዞ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ ቤት ሲደርስ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ነበር።

አገራችንን ለማያውቅ ልንገር። የተቀበረ ወርቅ ባለዕድል አለው ይባላል። ዕድሉ ያልሆነ ሰው ቢያገኘው ወርቁ ከሰል ሆኖ ይታየዋል። መምህር አስናቀም ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። እንቁ ይህንኑ ተረት ከአክስቷ ሰምታ ስታመጣ ጣታቸውን ረጅም ጊዜ ቀስረውላታል። ግን ተረት መስሏቸው ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር ተቀመጡ። ከተማውም ከኋላቸው ቆመ። መምህር አስናቀ ጋኑን አቅፈው መጡ። ደረታቸውና እጃቸው ጠቁሯል፤ ፊታቸው ግን ብሩህ ነው፤ ነገሩን አሳይተው የሚጨርሱት መስሏቸው ነበር።

«አባቶቼ፣ ይኸውላችሁ፤ ከሰል ነው። እጃችሁን ሰዳችሁ እዩት።»

ማንም እጁን አልሰደደም። ግራዝማች ይግዛው በከዘራቸው ጫፍ ጋኑን ነካ አደረጉት።

«ከሰል መሆኑንማ እያየን ነው ልጄ። እኛ አልታደልንም፤ ከሰል ነው የሚታየን። አንተ ስትከፍተው ምን ሆኖ ታየህ?»

«ለኔም ከሰል ነው።»

«እንግዲያ አንተም አልታደልህም። ያልታደለ ሰው ግን ገበያ መሀል ቆሞ ሦስተኛው ቦታ የት ነው አይልም። አንደኛውንና ሁለተኛውን ምን አደረግኸው?»

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«እሹሩሩ እኮ ነው ግራዝማች። ሕፃን የሚያስተኙበት ዘፈን ነው።»

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«ልጅስ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ማንን ልታስተኛ ነው? እኛን ነው?»

ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። አባቴ አለንጋውን እንደያዘ ከሰው መሀል ወጣና፣ «የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ፤ ዘፈን ነው» አለ። ግራዝማችም ዞር ብለው፣ «አንተም ድርሻ አለህ ማለት ነው?» አሉት። አባቴ አለንጋውን ጠቅልሎ ወደ ሰው መሀል ተመለሰ። መምህር አስናቀ ላባቸውን ከሰል በነካው እጃቸው ጠረጉት፤ ግንባራቸው ጠቆረ። ልጆቹ ሲያዩአቸው ሳቁ። ጋኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ወደ ክፍል ገቡ፤ ጠመኔያቸውንም ጆሯቸው ላይ እያለ ፈለጉት። ያን ቀን ነገርናቸው።

በተከታዩ ገበያ እኔን አስከትለው ወደ እማማ አንጓች ሄዱ። እማማ ገና ከሩቅ ሲያዩን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት።

«እማማ፣ የቀረችውን ብቻ።»

«ረሳሁት።»

«ሁለቱን ይዤ ምን ላድርግ?»

«ረሳሁት አልኩህ እኮ ልጄ። ቤቴን ከነምሰሶው ሊቆፍሩብኝ ነው። ተወኝ፣ በማርያም።»

ተዉአቸው። ተመለስን። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ፣ «እናት ሕፃኗን በጉልበቷ አስቀምጣ ነው የምታስተኛው፣ አይደል?» አሉኝ። አዎን አልኳቸው። «እንግዲያ ሦስተኛው ቦታ ከዚያ አይርቅም» አሉ፤ ግን መላ ምታቸው እንጂ እንደሰሙት አልሆነላቸውም። እኔም ኋላ እማማን ስጠይቃቸው ያው ነጠላቸውን ነው የሚስቡት።

የወላጆች ቀን ሲደርስ የኛ ክፍል ገመድ ተጓተተ። ዲሬክተሩ፣ «ወርቅ የሚል ነገር በዚህ ግቢ እንዳልሰማ» ብሎ ነበር። እኔ የራሴን ግጥም በስሜ ላይ ገጥሜ፣ ከሁሉ እንዲበልጥ ብዬ ለዚያ ቀን አቆይቼው ነበር። መምህር አስናቀ ሳይሰሙት ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ የዝውውር ትእዛዝ መጣ። ሻንጣቸው ጋሪው ላይ ሲጫን ጎረቤቱ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ክብደቱን በዓይኑ ሲመዝን እንደነበር እናቴ ነገረችኝ። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ወደ አውቶቡሱ የወሰዳቸው አባቴ ነው።

ከሄዱ በኋላ የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ተቆፈረ። ቀን ቀን ማንም አልቆፈረም፤ ጧት ጧት ግን አዲስ ጉድጓድ እናገኝ ነበር። የግራዝማች ጥጃ አንዱ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። በዚህ ሁሉ ጉድጓድ መሀል ሽንት ቤቱ ብቻ ተቆፍሮ ሳያልቅ ቀረ፤ ይኸው ዛሬም ሾላው ጀርባ ነው የምንሄደው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ መርዶውን ከሰማን በኋላ፣ ግራዝማች ይግዛው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የአባቴን ጋሪ አስቆሙ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አባቴ ደግፎ ከጎኑ አስቀመጣቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

«ያ መምህር አረፈ አሉ።»

«አዎን፤ አረፉ።»

«ነፍስ ይማር። ምን ትቶ ሞተ?»

«ምንም። አንድ ሻንጣ መጽሐፍና አንድ ብርድ ልብስ ነው አሉ። መግነዙንም ተማሪዎቹ ናቸው አዋጥተው የገዙላቸው።»

ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ። አዘኑ ብዬ አሰብኩ፤ ምናልባትም ያን ቀን ሾላው ሥር የተናገሩትን ሊመልሱት ነው ብዬ ወደ ፊት ተጠጋሁ።

«ታዲያ የት ቀብሮት ይሆን?» አሉ።

አባቴ ልጓሙን ላላ አደረገው። ፈረሱ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

«አንተ ወዳጁ ነበርህ። አልጠየቅኸውም?»

«ጠይቄያቸዋለሁ» አለ አባቴ።

ይህን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም።

«መቼ?»

«የሄዱ ቀን። ይኸው እርስዎ የተቀመጡበት ተቀምጠው። እዚህ ሌላ ሰው የለም መምህር፣ ለኔ ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ፣ ነበረ እንዴ? አልኳቸው።»

ግራዝማች ጆሯቸውን አስጠጉ። «ምን አለህ?»

«ዞር ብለው አዩኝ። አቁምልኝ አሉኝ። ሻንጣቸውን ራሳቸው አወረዱና ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ።»

አባቴ ይህን ብሎ ልጓሙን በሁለት እጁ ያዘ። ግራዝማች ይግዛው በደከመ ዓይናቸው መንገዱን ግራና ቀኝ አዩት።

«የቱ ጋ ነው የወረደ?» አሉ።